ከእንጦጦ የወረደው ሣጥን

የበደለኝ የልጄ የክርስትና አባት ነው። የበደለኝም በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ በዐቢይ ጾም፣ እንጦጦ ላይ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰው ቆሞ እያየ ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እሱን ያወቀ ሰው ግን ይህን ሲያነብ ማን እንደሆነ አይጠፋውም። እንዳይጠፋውም ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜ እሱ የወረዳችን የትምህርት ሹም ነበር። እኔ የአራት ወረዳዎች የሳይንስ መምህራን ሥልጠና ኃላፊ ነበርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር በጎ አድራጊ ድርጅት ለሦስት ዓመት የሚሆን እርዳታ ሰጠ። ከየካ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ጀርባ ያሉ አራት ወረዳዎች ተባብረው የሳይንስ መምህሮቻቸውን እንዲያሠለጥኑበት ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ክረምት ክረምት፣ መምህሮቹ የካ ወዳለው ትምህርት ቤት ይመጡና እዚያው ክፍል ውስጥ እያደሩ ይማራሉ። ሦስት ክረምት የጨረሰ የምስክር ወረቀት ያገኛል። የሚበዙት ጊዜያዊ መምህራን ነበሩ፤ ሰኔ በመጣ ቁጥር መስከረም ላይ መመለስ አለመመለሳቸውን የማያውቁ ሰዎች። የምስክር ወረቀቱን ያገኘ ቋሚ ይሆናል ተባለ። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ክረምት፣ ፊታቸው ቆሜ። ሌላ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ አያምኑም ነበር። እኔን አመኑኝ።

አራቱ የትምህርት ሹሞች ኮሚቴ ሆኑ፤ የልጄ የክርስትና አባት ሊቀ መንበር ሆነ። አሠልጣኝ የምፈልገው፣ ፍራሽ የማሰባስበው፣ ወጥ ቤት የምቆጣጠረው፣ የታመመውን ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነበርኩ። እነሱ በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ።

እዚያ ቦታ ያስገባኝ እሱ ነው። አልክድም። በሴቶች ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር «ከአበልጄ የተሻለ ሰው አላውቅም» ብሎ ለሌሎቹ ሹሞች ያቀረበኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ይህን ሲያስታውሱኝ ኖረዋል። ያስገባ ሰው ቢጥልም መብቱ ነው ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል።

ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ የሚባለው ሰፈር ያኔ ማሳ ነበር። ላምበረት ላይ መናኸሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ በክረምት ጫማ ያስቀራል። መምህሮቹ ግማሾቹ በእግራቸው፣ ግማሾቹ እንጨት በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለው መጡ። የክፍሉ ቆርቆሮ ያፈሳል። ዝናቡ ሲበረታ ድምፄ ስለማይሰማ ትምህርቱን አቁመን እስኪያባራ እንተያያለን።

ብዙዎቹ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፉ ነበሩ። ሳይንስ የሚያስተምሩት ከመጽሐፉ እያነበቡ ነው። መምህሩ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» ይላል፤ ልጆቹ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» ይላሉ፤ ደወል ይደወላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ፕሪመስ ለኩሼ ውሃ መጣድ ሆነ። ቴርሞሜትር ሰጥቼ በየተራ እንዲያነቡ አደረግኩ። ውሃው ተንፈቀፈቀ። ቴርሞሜትሩ ዘጠናን ጥቂት አለፈና ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። ንቅንቅ አላለም።

«ተበላሽቷል» አለ አንዱ።

ሌላ ቴርሞሜትር አወጣሁ። እሱም እዚያው ቆመ። ይሄኔ ከእንጦጦ የመጣው መምህር ከኋላ ሆኖ፣

«እትዬ፣ ይሄም እንደኛ ጊዜያዊ ነው፤ ሙሉውን አይሰጡትም» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ይህ መምህር ቀጭን፣ ኮቱ እጅጌው ላይ የተጣፈ፣ የሁለት ልጆች አባት ነበር። የየካ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ይናገራል። እየሣቀ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱን ግን ሳያገኝ አይቀመጥም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደሚሳሳ፣ አየሩ ሲሳሳ ውሃው መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ብሎ እንደሚፈላ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ልጆቹ ፈተና ላይ ምን ይጻፉ?» አለ። «መጽሐፉ ያለውን ወይስ ያዩትን?»

«ያዩትን» አልኩት።

«መቶ!» አለ ሊቀ መንበሩ ከበሩ። ከእርዳታ ሰጪው ድርጅት የመጣውን ሽማግሌ ፈረንጅ ሊያስጎበኝ ገብቶ ቆሞ ነበር። «መቶ ብለው ይጻፉ። ፈተናውን የሚያርመው እንጦጦ አይደለም።»

ሁሉም ሳቀ። የቀለደ መስሏቸዋል። ፈረንጁ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። ከዚያ ጥያቄውን ያነሣው የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። መምህሩን ብዙ አየው።

በሁለተኛው ዓመት ድርጅቱ ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ሣጥን ላከ። ውስጡ ቴርሞሜትር፣ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽር፣ የብርጭቆ ቱቦ፣ ትንሽ ሚዛን አለበት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለሆነ ዕቃው በጭድ ተጠቅጥቋል፤ ክዳኑ በሚስማር ተመትቷል። ሣጥኖቹ ሲመጡ አልቅሼ ነበር፤ በደስታ። ያንን ዕንባ ዛሬ ባስበው ያናድደኛል።

እኛ ዘንድ ዕቃ ፈርሞ የተረከበ ሰው ዕቃው ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ማን ሰበረው፣ ለምን ተሰበረ የሚል የለም፤ የፈረመው ነው። የትምህርት ቤት ዲሬክተሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ፈርመው ተቀበሉና ቆለፉ። እየዞርኩ ጠየቅኩ።

«ሣጥኑስ?»

«በደህና ተቀምጧል።»

የሄድኩበት ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። አንዱ ዲሬክተር አልጋው ሥር አስገብቶ በጋቢ ሸፍኖታል። ሌላው የዕቃ ቤቱን በር በሰም አትሞታል። አንደኛው ደግሞ ክዳኑ ላይ ያለውን ሚስማር በጣቱ እየነካ «ይኸው፣ አንዱም አልተነቀለም!» አለኝ፤ እንዳመሰግነው ጠብቆ።

«ታዲያ ልጆቹ በምን ይማሩ?» አልኩት።

«ሲያድጉ ይደርሱበታል፣ ወይዘሮ። ዕቃው የትም አይሄድ።»

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ለመንኩ። የተሰበረ ዕቃ በእርዳታው ይተካ፤ መምህርም ዲሬክተርም አይጠየቅበት አልኩ። ድርጅቱ ይህን ፈቅዶ ነበር፤ የሚያስፈልገው የኮሚቴው እሺታ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ እያዞረ ሰማኝ።

«አበልጄ፣ የማይጠየቅበት ዕቃ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ብርጭቆ ሲሰብር አይዞህ ያልነው ሰው ነገ ጣራውን ያወርደዋል።»

«ሳይነካው እንዴት ያስተምርበታል?»

«አንቺስ ቤት ሠራተኛዋ ሰሐን ስትሰብር አበጀሽ ትያታለሽ?»

ሦስቱ ሹሞች ሳቁ። ነገሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሳነሣው ጊዜው መሽቷል ተባለ። ከዚያ በኋላ አላነሣሁትም፤ ቢነሣም አይታይም።

ሣጥኑን የከፈተው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ የእንጦጦው። ዲሬክተሩ ጡረታው የደረሰ ሽማግሌ ነበር። መምህሩ «እኔ ልፈርም፣ አባባ» ሲለው ሸክም እንደወረደለት ሰው ደስ ብሎት ሰጠው። ወዲያው የብርጭቆ ቱቦ ተሰበረበት፤ ከዚያችው ከትንሿ ደመወዙ ቆረጡበት። ሣጥኑን ግን አልዘጋውም።

ላየው ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ከራጉኤል ብዙ አይርቅም፤ በዚያን ቀን ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። የእንጨት ለቃሚዎችና የቀሳውስት ልጆች በአንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ተቀምጠዋል። መሃላቸው ውሃ ይፈላል። አንዷ ልጅ ቁጥሩን አንብባ በኦሮምኛ ተናገረች፤ በኦሮምኛ መለሰላትና «በይ ደግሞ ለነዚህ በአማርኛ ንገሪልኝ፤ እኔን አያምኑኝም» አላት። ልጆቹ «እኛም እንየው!» እያሉ ወደ ድስቱ ተጋፉ። የከፋኝን ሁሉ ረስቼ ወረድኩ። ያየሁትንም ለሊቀ መንበሩ ነገርኩት። ስለዚህ አያውቅም ነበር የሚል ካለ ውሸት ነው። ያውቃል። እኔው ነግሬዋለሁ።

የሦስተኛው ዓመት ገንዘብ የሚለቀቀው ፈረንጁ መጥቶ ሥራውን ካየ በኋላ ነበር። በጾሙ መካከል እንደሚመጣ ተነገረን። ሦስተኛው ክረምት ከተደረገ መምህሮቹ ቋሚ ይሆናሉ፤ ካልተደረገ የሁለቱ ክረምት ልፋት ከንቱ ነው፣ ሰኔ ላይም የሚሰናበተው ይሰናበታል። መምህሮቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሌላ ነገር አይጠይቁኝም ነበር። «እትዬ፣ ክረምቱ አለ አይደል?» ነው የሚሉኝ።

ሊቀ መንበሩ ነገር ሲያዝዝ ቢሮ ውስጥ አያዝዝም። ጽፎም አያዝዝም። ቤት ይመጣል። በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ባለቤቴ እሱ ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል፤ የክርስትና አባት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሹም ስለሆነም ነው። ሽሮ አቀረብኩ። ልጄን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እየበላ ተናገረ።

«ፈረንጁ ከመኪናው ብዙ አይርቅም። አስፋልት ዳር ያለውን ትምህርት ቤት ያያል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። እዚያ አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ አሳምረን እናሳየው። ሣጥኖቹን ከየትምህርት ቤቱ ሰብስቢያቸው።»

«የሌሎቹ ይሰብሰብ። የእንጦጦው ይቅር፤ እሱ ሥራ ላይ ነው» አልኩ።

«እሱ ነው እንጂ ዋናው! የሌላው ገና ጭዱ አልተራገፈም። ያገለገለ ዕቃ መሃሉ ገባ ስናደርግበት ሁሉም ያገለገለ ይመስላል።»

«መምህሩ ባዶ እጁን ሊቀር?»

«ለሁለት ለሦስት ቀን! ሦስተኛውን ክረምት ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?»

ባለቤቴ «እሺ በያቸው እንጂ፤ ላንቺው ብለው ነው» አለኝ።

እሺ አልኩ። ይህን እንደ ጥፋቴ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም። አለቃዬ አዘዘኝ፣ አበልጄ ለመነኝ፣ ባሌ እሺ በይ አለኝ። ከነዚህ በላይ የሚያማክረኝ ሰው አልነበረኝም።

ለእንጦጦው ሣጥን ራሴ ወጣሁ፤ ሌላ ሰው መላክ አስጠልቶኝ ነው።

«እትዬ፣ ሐሙስ የማግኔት ትምህርት አለኝ እኮ» አለኝ መምህሩ።

«ሐሙስ ሳይደርስ ይመለሳል።»

«ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

«እንግዳ ሊቀበል ወረደ በላቸው።»

ሳቀ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ አሰረልኝ። ከዚያ አንገቱን እያሸ፣ በስሙ ያለ ዕቃ ስለሆነ እንድፈርምለት ጠየቀኝ። ሲጠይቀኝ አፍሮ ነበር። ፈረምኩለት። ሣጥኑን በአህያ ጭነን አወረድነው።

ፈረንጁ በመጣ ዕለት የአስፋልት ዳሩ ትምህርት ቤት ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ላይ አቡጀዲ ተዘርግቷል፤ ዕቃው በመደዳ ተደርድሯል። አራቱም ሹሞች ከረባት አስረው ቆመዋል። ፈረንጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረ። አንድ ቴርሞሜትር አነሣ፣ አየው፣ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ያ ስለ ፈተናው የጠየቀሽ መምህር የሚያስተምረው እዚህ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። እንጦጦ ላይ ነው።»

«እሱን ማየት እፈልጋለሁ። እንሂድ።»

ሊቀ መንበሩ መንገዱ መጥፎ ነው፣ መኪና እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ለጤናዎ አይሆንም አለ። ፈረንጁ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ሊቀ መንበሩን እጅጌውን ይዤ ጠጋ አደረግኩትና፣

«ሣጥኑን ይዘን እንውጣ። አሁኑኑ መኪናው ላይ ላስጭነው» አልኩት።

«ዝም በይ። ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ይመለሳል» አለኝ።

አልደከመውም። መኪናው ጭቃ ላይ ሲቆም ወርዶ ዱላ ጠየቀ። ባሕር ዛፉ መሃል ለመሃል ከፊታችን ሄደ፤ ሹሙ ነበር የሚያለከልከው። እኔ ዳገቱን ስወጣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እዚያ ስንደርስ እውነቱን እናገራለሁ፤ እንዲህና እንዲህ ሆኖ ነው፣ ሣጥኑ ታች ነው፣ ይህ መምህር ይሠራበታል፣ ልጆቹን ይጠይቋቸው እላለሁ። ፈረንጁ የሚሰማ ሰው ነበር። ይሰማኝ ነበር።

መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ማግኔት ስሎ ነበር። ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። ፈረንጁ እጁን ጨበጠው፤ አስታወሰው። ሣጥኑን አሳየኝ አለው። መምህሩ ባዶውን ጠረጴዛ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ አፌን ስከፍት ሊቀ መንበሩ ቀደመኝ፤ በእንግሊዝኛ።

«ዕቃውን የወሰደችው የሥልጠናው ኃላፊ ናት። ለምን እንደወሰደችው እኔም ገና ዛሬ ነው የምሰማው።»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው።

«አንተ አዘኸኝ ነው!» አልኩ፤ በአማርኛ። ከዚያ በፊት አንተ ብዬው አላውቅም። መልሼ በእንግሊዝኛ ለፈረንጁ ነገርኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደግሞ የውሸት ይመስላል። ሹሙ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ወደ አማርኛው ተመለሰ።

«ምን ሆነሻል፣ አበልጄ? ያዘዝኩበት የት አለ?»

ፈረንጁ ሽማግሌውን ዲሬክተር ጠየቀው። ዲሬክተሩ «ፈርመው የወሰዱት ወይዘሮዋ ናቸው» አለ። እውነቱን ነው። መምህሩ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረ፤ ሹሙ «አንተ ዝም በል፤ ጊዜያዊ!» አለው። ልጆቹ እንደቆሙ ነበሩ። ተቀመጡ የሚላቸው አልነበረም።

ወረድን። ፈረንጁ የተደረደረው ዕቃ የወጣባቸውን ሣጥኖች አስመጡልኝ አለ። መጡ። ጭዱ ገና አዲስ ነው። በጓሮ በኩል ሚስማራቸው ያልተነቀለ ሁለት ሣጥኖችም ተገኙ። ሦስቱን ሹሞች «ይህ ዕቃ ልጆች ፊት ወጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። መሬት መሬት አዩ። አንዱ «ኃላፊዋ ናት የምታውቀው» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንጠየቅበታለን ብለን ፈርተን ቆልፈን ነው ብለው ቢናገሩ ምን ይሆኑ ነበር? ምንም። ሰውየው ለዚያ መላ ነበረው፤ ቀድሞም ፈቅዶልናል። ነገር ግን አልተናገሩም። ስለዚህ የሚሠራውን ትምህርት ቤት አራቁቼ የማይሠራውን ያስጌጥኩ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ፈረንጁ ሲሄድ ለሁሉም እጁን ሰጠ። ለእኔ ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገልኝ።

ከፋሲካ በኋላ እርዳታው መቆሙ ተነገረን። እኔም ከሥራው ወጣሁ።

ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤት እላለሁ አልኩ። ይህን ያልኩት ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ዘንድ በማግሥቱ ደርሷል። በእሑዱ ሽማግሌ መጣ። የነፍስ አባታችን፣ ሁለት የሰፈር ትልልቅ ሰዎች፣ ከኋላቸው እሱ። ባለቤቴ ወንበር አስተካክሎ ጠበቃቸው፤ መምጣታቸውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«አበልጅ አይካሰስም፣ ልጄ» አሉኝ የነፍስ አባታችን። «መካከላችሁ ክርስትና የተነሣ ልጅ አለ።»

«እኔ መካሰስ አልፈልግም፣ አባ። አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ያዘዝኳት እኔ ነኝ ብሎ ለፈረንጁ ይናገር። ያኔ ሰውየው ይመለስ ይሆናል፤ ክረምቱም ይደረግ ይሆናል። ለራሴ ምንም አልፈልግም።»

ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሽማግሌዎቹ «እሰይ!» አሉ።

«ይኸው፣ በድያለሁ» አለ። «እዚህ ቤት ውስጥ፣ በአባ ፊት፣ በድያለሁ። ውጭ ወጥቼ ግን ራሴን አላዋርድም። ሹም ነኝ።»

«ጉልበቴን ሳመኝ አላልኩህም» አልኩት።

«ኧረ ተይ!» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «ሰው ጉልበት ስሞ ምን ቀረው?»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «አንተ ነበርክ። እዚሁ ተቀምጦ ሲያዘኝ ሰምተሃል። ተናገር።»

ባለቤቴ እጁን አየ። «ከማዕዴ ላይ የተነገረ ነገር ከቤቴ አይወጣም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ወሰዱት። ጨዋ ነህ አሉት። እኔን ልበ ደንዳና ነሽ አሉኝ። ያን ቀን ይቅር ብያለሁ አላልኩም፤ እነሱ ግን እርቅ ወረደ ብለው በልተው ጠጥተው ሄዱ። ያቀረብኩት እኔው ነኝ።

ሰኞ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ቆሜ ጨርሼ እስክናገር ሰማኝ። ጥሩ ሰው ይመስላል።

«አቤቱታው በደረጃው ነው የሚመጣው፣ እመቤቴ» አለኝ። «በኮሚቴው ሊቀ መንበር በኩል ይላኩት፤ እሳቸው አስተያየታቸውን ጽፈውበት ያስተላልፉታል።»

«የምከሰው እሳቸውን ነው።»

«ቢሆንም በእሳቸው በኩል ነው።»

ደጋግሜ ተመላለስኩ። ሌላ ጸሐፊ አገኘሁ፤ ያው መልስ ነው። ለፈረንጁም ጻፍኩለት። መልስ አልመጣም፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

ሰኔ ላይ ጊዜያዊ መምህሮቹ ተሰናበቱ። የተመለሱም አሉ፤ ዘመድ ያላቸው። የእንጦጦው አልተመለሰም። በሊቀ መንበሩ ፊት ሊናገር የሞከረውን አልረሱለትም። ቤቴ መጣ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ በሩ ላይ ጭቃውን ከጫማው ሲያራግፍ ቆየ።

«እትዬ፣ ሌላ ወረዳ ቢኖር ብዬ ነው» አለኝ። «ሁለቱን ክረምት የተማርኩትን የሚቆጥርልኝ።»

«የሚቆጥርልህ የለም» አልኩት። መዋሸት አልቻልኩም።

«እርስዎ ቢጽፉልኝስ?»

«የእኔ ጽሑፍ ከሚጠቅምህ የሚጎዳህ ይበልጣል።»

ሻይ ጠጣ። ስለ ሣጥኑ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲወጣ «አይዞዎት» ብሎኝ ወጣ፤ ያን ቃል ዛሬም አልወደውም። ባሕር ዛፍ ለሚያስቆርጥ ነጋዴ እንጨት ጫኝ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ላምበረት አካባቢ መኪና ላይ ቆሞ አጣና ሲደረድር አየሁት። እጁን አነሣልኝ። አነሣሁለት። መኪናው ሄደ። እንጦጦ ላይ ሣጥኑ ተመልሶ ነበር፤ አዲስ የመጣው ዲሬክተር ተረክቦ ቆለፈው።

የልጄ የክርስትና አባት በዚያው ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት በሹመት ተዛወረ። ሲመለስ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ቤት ሠራ።

እኔ ወደ ሴቶች ትምህርት ቤት ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ። ኃላፊ ሁኚ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ከባለቤቴ ጋር እስኪሞት በአንድ ቤት ኖርኩ፤ ስለዚያ እሑድ አላነሣሁበትም፣ እሱም አላነሣም። ልጄ ሲያገባ የክርስትና አባቱን አልጠራሁም። ታሞ ሲተኛ አልጠየቅኩትም። የሞተ ዕለት ጥሩንባው ሲነፋ ሰማሁ። ቀብሩ የካ ሚካኤል ነበር። አልሄድኩም። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ዕድሩ ከቀብር በመቅረቴ ቀጣኝ። ቅጣቱን ከፈልኩ።